ለንግድ የሚሆን ወግ ከየት ይለቀማል?

ከጊምቢ እስከ ነቀምት፣ ከነቀምት እስከ አርጆ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለውን ሰሌዳ ስታነቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገጥማችኋል፦ «ጥራት ያለው አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ»። በር የሚበይደውም፣ ፀጉር የሚቆርጠውም፣ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጠውም ይህንኑ አጽፏል። ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን አሥር እርምጃ አልፎ የሄደ ሰው ቃሉን አያስታውሰውም፤ ስለዚያ ሱቅ ብቻ የተነገረ ነገር የለበትማ።

አርጆ ገበያ ላይ አንጮቴ የተባለውን ሥራሥር ዘርግተው የሚቀመጡ እናቶች ሰሌዳ የላቸውም። ገዢዋ ጎንበስ ብላ «ሀርሜ፣ ይሄ የዘንድሮ ነው?» ብትላቸው መልሳቸው «አዎ» ብቻ አይሆንም። «የአምና ነው እንጂ። አምና ለመስቀል ስንቆፍር ልጄ አራስ ነበረች፤ ከእሷ የተረፈውን ከመሬት ሳላወጣው ተውኩት። ከርሞ ነው እንዲህ የወፈረው» ይሏታል። እያወሩም አንዱን አንስተው አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ ፋቅ ያደርጉና ነጩን ሥጋ ያሳይዋታል። ገዢዋ ቤቷ ገብታ ድስቱን ስትጥድ ለጎረቤቷ የምታወራው ይህንኑ ነው። በስንት እንደገዛችው በሳምንቱ ይረሳል። የአራሷ ነገር ግን ማዕድ ላይ ይነሳል፣ ከዚያም ሌላ ቤት ይሄዳል።

ባለ ድርጅቶች በማስታወቂያ፣ በስብሰባ፣ በብድር ማመልከቻ ወይም በቴሌግራም ገጽ ላይ አጥብቀው የሚፈልጉት ወግ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሆኖም «እኛ ምን ታሪክ አለን? ተራ ወፍጮ ቤት ነን» የሚሉ ብዙ ናቸው። ወግ ማለት ትልቅ ኩባንያ፣ የሞተ መሥራች ወይም የባሕር ማዶ ሽልማት ያለው ሰው ብቻ የሚያወራው ነገር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ከከተማ ባለሙያ ቀጥረው የማንም ሊሆን የሚችል ጽሑፍ ያጽፋሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ለንግድ የሚሆን ወግ የሚፈጠር ሳይሆን የሚለቀም ነው። የሚለቀመውም ሰው በየቀኑ ከሚጠይቀው፣ ከሚያማርረውና ከሚሠራው ነው።

አርጆ ለዚህ የተመቸች ቦታ ናት። ከነቀምት ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ደጋ ከተማ ናት፤ ወረዳዋ ጅማ አርጆ ይባላል። ደጋው ላይ ጤፍና ገብስ ይዘራል። ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወረድ በቆሎና ሰሊጥ ይመጣል፤ ከታች ደግሞ የአርጆ ዴዴሳ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻ አለ። በገበያ ቀን የደጋው ገበሬ፣ የቆላው ነጋዴ፣ የፋብሪካው ሠራተኛና ጭነት ይዞ የሚያልፈው የአይሱዙ ሾፌር አንድ ቦታ ቡና ይጠጣሉ። ሁሉም የየራሱን ወሬ ይዞ ይመጣል፣ የሌላውን ይዞ ይሄዳል። ጆሮውን የከፈተ ነጋዴ ከዚያ ባዶ እጁን አይመለስም።

ከተራው ሰው አፍ የተለቀመን ነገር ለቁም ነገር በማዋል በኩል ወለጋ ውስጥ ከአስቴር ገኖ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። አስቴር ነጋዴ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1872 አካባቢ የተወለደች፣ በልጅነቷ ለባርነት የተዳረገች የኦሮሞ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 ቀይ ባሕርን አሻግሮ ሊያስሸጣት የነበረውን ጀልባ ጣሊያኖች አስቁመው ነፃ አወጧትና ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ይደክም ነበር። የሚያነብ ሰው ለማፍራት ግን አስቀድሞ ማንበብን የሚያስለምድ መጽሐፍ ያስፈልግ ነበር።

አስቴር ያደረገችው ነገር ቀላል ይመስላል። ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውንና የሰማቻቸውን 500 ያህል ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1894 በግዕዝ ፊደል የታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ከዚህ ስብስብ ብዙ ወስዷል። ከስዊድን ተረት መተርጎም ይቻል ነበር፤ ሚሲዮኑ የራሱ መጻሕፍት ነበሩት። ነገር ግን ማንበብ የሚጀምር ልጅ ፊደሉ አዲስ ሆኖበት ታሪኩም ባዕድ ከሆነበት ሁለት ሸክም ይሆንበታል። ታሪኩን ምድጃ ዳር ሰምቶት ከሆነ ግን የሚቀረው ፊደሉን መልመድ ብቻ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት ገብተው ማስተማሩን ቀጠሉ። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931፣ አስቴር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ።

ለአንድ የአርጆ ነጋዴ ከዚህ ሁለት ነገር ይተርፈዋል። አንደኛው፣ አዲስ ነገር ለሰው ማስተዋወቅ የፈለገ ሰው ሰውየው ከሚያውቀው ይነሳል። ስለ ሞባይል ባንክ፣ ስለ ተሻሻለ ዘር፣ ስለ ወተት ማቀዝቀዣ ለገበሬ የሚያስረዳ ሠራተኛ ከባንኩ ወይም ከፋብሪካው ቢጀምር ሰሚ ያጣል። ከገበሬው ጓሮ ቢጀምር ግን ይሰማል። ሁለተኛው፣ አስቴር ጻፈችው። በአፍ የቀረ ነገር ሁሉ እንደ እሷ የሚያስታውስ ሰው አያገኝም። ባለ ሱቁ ዛሬ የሰማውን ግሩም ነገር ማታ ቤቱ ሲገባ ግማሹን ረስቶታል፤ በሳምንቱ ጨርሶ የለም። የዱቤ ደብተር የሌለው ሱቅ የለም፤ ከዚያው ደብተር ኋላ አንድ ገጽ ለወሬ መመደብ ወጪ የለውም። የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ የሚጻፈውን ያህል፣ ማን ምን እንደጠየቀ መጻፍም ገንዘብ ነው።

ምን ይጻፍ? በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት ጥያቄ ነው። ደንበኛ ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ገበያው በነፃ የሚሰጠን ጥናት ነው። አንጮቴን እንደገና እንውሰድ። የዱባ ዘመድ የሆነ፣ ሐረጉ የሚሳብ፣ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በወለጋ፣ የመስቀል ምግብ ነው። ተቀቅሎ ይላጣል፣ ተፈጭቶ ወይም ተቆራርጦ በቅቤና በሚጥሚጣ ይቀርባል። ነቀምት ላይ የተቀቀለ አንጮቴ አሽጎ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የሚያስብ ወጣት ቢኖር፣ የአዲስ አበባው ገዢ የሚጠይቀው «ጥራቱ እንዴት ነው?» ብሎ አይደለም። «ሳይላጥ ነው የሚቀቀለው? ለምን?» ይላል። «ከመስቀል ውጪ ይገኛል?» ይላል። «ለአራስ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ወንድ ነኝ፣ ብበላው ችግር አለው?» የሚልም አይጠፋም። እያንዳንዱ ጥያቄ የአንድ አጭር ጽሑፍ ርዕስ ነው። የመጨረሻውማ ራሱን የቻለ ቀልድ አለው፤ እኔ ብሆን በማሸጊያው ላይ የማጽፈው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል የሚል እምነት በወለጋ የቆየ ነው፤ ከሥራሥር ምግቦች መካከል በካልሲየም የበለጸገ መሆኑም የታወቀ ነው። «እናቶቻችን አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይቀቅሉለት ነበር» ማለት የሕዝብን ልማድ መናገር ነው። «አጥንትዎን ይጠግናል» ብሎ ማሸጊያ ላይ ማተም ግን የመድኃኒት ቃል መግባት ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ልዩነት በአፍ ሲነገር ጠባብ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ሲሆን ግን አንዱ ወግ ነው፣ ሌላው ክስ ያስከትላል።

ከጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው ቅሬታ ነው። ነጋዴ ሁሉ ቅሬታን ቶሎ ቀብሮ መርሳት ይፈልጋል። በንግድ ላይ ከተነገሩ ወጎች ብዙዎቹ የሚበቅሉት ግን ከዚያው ነው። ወለጋ የማር አገር ነው፤ ከማር ሻጭ ጋር የተጣላ ደንበኛም ሞልቷል። ጠቡ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማርህ ረጋ፤ ስኳር ቀላቅለህበታል!» ሻጩ ይምላል፣ ገዢው አያምንም። እውነቱ ግን ማር በብርድ ይረጋል፤ በውስጡ ያለው ግሉኮስ እየጠጠረ ነው የሚረጋው። ንጹሕ ማርም ይረጋል። እንደ አርጆ ባለ ደጋ አገር ደግሞ ቶሎ ይረጋል። ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ተመልሶ ይቀልጣል።

ይህን የሚያውቅ ማር ሻጭ መማሉን ትቶ የሚከተለውን በማሰሮው ላይ ቢለጥፍስ? «ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛችን የረጋ ማር ይዘው ተቆጥተው መጡ። ማሰሮውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጠን ቡና እስኪፈላ ጠበቅን። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ማሩ ቀለጠ። እርስዎም ቤት ቢረጋ እንዲሁ ያድርጉ፤ እሳት ላይ ግን አይጣዱት።» በዚህ ውስጥ ሰው አለ፣ ጠብ አለ፣ መላ አለ፣ መጨረሻውም ይታያል። ደንበኛው ከመቆጣቱ በፊት መልሱን አገኘ። እውነት ያልተከሰተ ከሆነ ግን አይጻፍ፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ «ማን ናቸው እኚህ ሰው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

አሁን የጠቀስኳቸው አራት ነገሮች፣ ማለትም ሰው፣ ችግር፣ የተደረገው ነገርና ውጤቱ፣ ለአጭር የንግድ ወግ ይበቃሉ። ከዚህ በላይ ስለ አወቃቀር የሚጻፈው አብዛኛው ለልብ ወለድ ጸሐፊ ነው። ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው። ድርጅቶች ችግራቸውን መናገር ያፍራሉ። «በ2012 ተመሠረትን፣ አደግን፣ አሁንም እያደግን ነው» የሚል ጽሑፍ እንቅፋት ስለሌለበት ሰሚው ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። የኦሮሞ ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ ወደ ነገሩ ከመግባቱ በፊት አንድ ምሳሌ ያመጣል፤ ምሳሌው ውስጥ ሁልጊዜ የተቸገረ ሰው ወይም እንስሳ አለ። ተከራካሪዎቹ የራሳቸውን ነገር ለመስማት ገና አልተዘጋጁም፤ የሌላውን ችግር ለመስማት ግን ማንም ዝግጁ ነው።

ወፍጮ ቤቱን እንመልከት፤ «ምን ታሪክ አለን» ያለውን። ዋጋ ሊጨምር ነው። የተለመደው ማስታወቂያ ይህ ነው፦ «ከወቅታዊ ሁኔታዎች ጋር በተያያዘ የዋጋ ማስተካከያ ያደረግን መሆኑን ለክቡራን ደንበኞቻችን እናሳውቃለን።» ደንበኛው ሲያነበው የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ሊበሉኝ ነው። አሁን ደግሞ ይህን ያንብቡ፦ «በዚህ ወር መብራት በጠፋባቸው ቀናት ወፍጮውን በናፍጣ ስናስነሳ ቆይተናል። እህል ይዘው በሌሊት ከገጠር የመጡ እናቶች እንዳይመለሱ ብለን ነው። ናፍጣው ከነቀምት ነው የሚመጣው፤ ደረሰኙን በሩ ላይ ለጥፈናል። ስለዚህ በናፍጣ በምንፈጭበት ቀን በጣሳ ትንሽ እንጨምራለን። መብራት ባለበት ቀን ዋጋው የድሮው ነው።» ደንበኛው አሁንም ላይደሰት ይችላል። ግን ሊከራከረው የሚችለው ነገር ደረሰኝ ሆነ እንጂ የባለ ወፍጮው ልብ አልሆነም። ደረሰኙን መለጠፍ ደግሞ ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጣል፤ የሌለ ነገር የሚያወራ ሰው ማስረጃ አይለጥፍም።

ርዝመትን በተመለከተ የአይሱዙ ጀርባ ጥሩ አስተማሪ ነው። ሾፌሩ ቦታው ጠባብ ስለሆነ፣ ከኋላው ያለውም ሰው የሚያነበው በሩጫ ስለሆነ፣ ሕይወቱን በአምስት ስድስት ቃል ይጽፈዋል። ከሞንታርቦ የሚወጣው የገበያ ጩኸትም እንዲሁ ነው፤ ረዥም ዓረፍተ ነገር የሚጮህ ሻጭ የለም። ቴሌግራም ላይ ሦስት ገጽ የሚለጥፉ ድርጅቶች አንድ ቀን አርጆ መናኸሪያ ቆመው ቢያዳምጡ ይጠቀማሉ።

ወግ ዋጋ እንዳለው በብር የሚያሳየው ግን ቡና ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ፍሬው ትልቅ፣ ጣዕሙ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው። ስሙ ከነቀምት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምርና ቡና በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ገበያው ሲገባ፣ የገበሬው ቡና በደረጃና በአካባቢ እየተመደበ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ ጀመረ። ግብይቱ ፈጣንና ግልጽ ሆነ፤ ገበሬውም ዋጋ ማወቅ ቻለ። በዚያው ልክ ግን ይህ ቡና ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ማሳ እንደመጣ የሚናገረው ነገር ጠፋ። የውጭው ቡና ቆዪ ደግሞ ተጨማሪ የሚከፍለው ለዚያ ነበር። በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ የተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የመንደሩን ስም ይዘው መሸጥ ቀጠሉ። ለሌላው ነጋዴ ይህ በር ይበልጥ የተከፈተው አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ በኋላ ነው።

ከዩኒየኖቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። በወቅቱ መሪው የነበረው ታደሰ መስቀላ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዕይታ በበቃው «ብላክ ጎልድ» በተባለው ጥናታዊ ፊልም ላይ በዓለም ዙሪያ ታየ። ፊልሙ ስለ ዓለም ንግድ ሥርዓት ትልቅ ክርክር ያነሳል። ብዙ ተመልካች ይዞት የወጣው ግን አንድ ተራ ነገር ነው፤ በባሕር ማዶ አንድ ስኒ ቡና ስንት ይሸጣል፣ ከዚያ ውስጥ ለገበሬው ስንት ይደርሳል? ስኒ ማንም የሚይዘው ዕቃ ነው። ስለ ታሪፍና ስለ ድርድር የሚጻፈውን ያላነበበ ሰው በእጁ ያለውን ስኒ ግን ያያል። ከዕለት ኑሮ የተነሳ ወግ ጉልበቱ ይህ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትጠይቅ፣ ስታርባክስን ጨምሮ ከትላልቅ ቡና ነጋዴዎች ጋር ጭቅጭቅ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አለቀ። ለቀምቲ ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። እዚህ ላይ ወለጋዎች ቢቆጩ አይፈረድባቸውም። ይሁንና የአገሩ ቡና ከሌላው የሚለይበትን የሚናገር ሰው ስንት አለ? ቡና ቀላ የተባለው፣ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ ለክብር እንግዳ የሚቀርብበት ልማድ፣ በየትኛው ከረጢት ላይ ተጽፏል? ቡናን ከመጠጣት አልፎ የሚበላ ሕዝብ የሚለውን የሰማ የውጭ ገዢ ሁለተኛ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይሄድም።

ከወለጋ ወጥተን አዲስ አበባ ብንሄድ ቤተልሔም ጥላሁንን እናገኛለን። ዘነበወርቅ ሰፈር አድጋ፣ እዚያው ሰፈሯ እ.ኤ.አ. በ2004 ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አቋቋመች። የጫማዎቹ ሶል አሮጌ ጎማ ነው። በኢትዮጵያ ገበሬውም፣ ተዋጊውም፣ ሊስትሮውም በጎማ ጫማ ሲሄድ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በረባሶ ያላየ ማን አለ? ሁላችንም የድህነት ምልክት አድርገን አይተነው አልፈናል። ቤተልሔም ግን ያንኑ ከሰፈሯ ሰው የእጅ ሙያ ጋር አያይዛ ለዓለም አወራችው፤ ጎማው በድጋሚ ጥቅም ላይ የዋለ ነው፣ ጨርቁ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ነው፣ ሠሪዎቹ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው አለች። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት መሪዎች አንዷ አድርጎ መረጣት። ጫማው ጥሩ ባይሆን ወጉ ብቻውን አይሸጠውም ነበር፤ ጫማው ብቻውን ግን ከሺህ ጫማ አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር።

አርጆ ላይ እንዲህ ታይቶ የታለፈ ነገር ምን አለ? የሰሊጡን ነገር ልጥቀስ። የወለጋ ሰሊጥ በንግዱ ዓለም ራሱን የቻለ ዓይነት ነው። የሁመራው ነጭ ሆኖ ለዳቦና ለጣፋጭ ሲፈለግ፣ የወለጋው ቡናማ ሆኖ ለዘይት ይመረጣል። ዴዴሳ ሸለቆ ውስጥ ሰሊጥ የሚያመርት ማኅበር ለገዢ ደብዳቤ ሲጽፍ የቀለሙን ነገር እንደ ጉድለት ይደብቀዋል ወይስ የዘይት መሆኑን ይዞ ይነሳበታል? ሁለተኛው ይሻላል። እንደዚህ ያለው ጉዳይ በቢሮ ተቀምጠው ሲያስቡት አይመጣም፤ ከዘይት ጨማቂው ጋር ቆመው ሲያወሩ ነው የሚገኘው።

ወግ መልቀም የራሱ ነውርም አለው። የሰውን ችግር ያለፈቃዱ አውጥቶ ማስታወቂያ ማድረግ በአርጆ ያህል ከተማ ውስጥ ስም ያጠፋል። ስም ቢቀየር እንኳ «በሬ ገዝቶ የሞተበት ሰው» ከተባለ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ «ኦቦ፣ ይህን ነገር ለሌላ ሰው ባወራው ይከፋዎታል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። አብዛኛው ሰው ይፈቅዳል፤ እንዲያውም የረሳውን ይጨምርልዎታል። የከለከለውን ደግሞ መተው ነው።

ቋንቋም አለ። አርጆ ላይ ሕዝቡ የሚያወራው ኦሮምኛ ነው፤ ወጉም የተነገረው በዚያው ነው። መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ መጻፍ፣ ከዚያ ለአዲስ አበባው ገዢ በአማርኛ እንደ አዲስ ማውራት እንጂ ቃል በቃል መመለስ አያዋጣም። በኦሮምኛ ያሳቀው ነገር በአማርኛ ሲጻፍ ደርቆ ሊቀር ይችላል። እንዲያ ከሆነ ቀልዱን ትቶ ነገሩን መያዝ ነው።

ወለጋ ባለፉት ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ወደ ሦስት ወር በቆየበት ጊዜ ዋጋ የሚጠየቀው፣ ጭነት የሚላከው፣ ብድር የሚመለሰው ሰው በሰው ነበር። ሾፌሩ የቃል መልእክት ተቀብሎ ይሄዳል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል። በእነዚያ ወራት ማን ቃሉን እንደጠበቀ፣ ማን የሰው አደራ ሳያጎድል እንዳደረሰ ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። የዚያን ጊዜ የንግድ ወግ ገና አልተጻፈም። ሲጻፍ ግን ኀዘን ያለባቸውን ሰዎች መጠቀሚያ እንዳያደርግ መጠንቀቅ ይፈልጋል። የሞተ ሰው ለማስታወቂያ አይሆንም።

እናንተ የአርጆና የነቀምት ባለ ሱቆች፣ የማኅበር ጸሐፊዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፤ «ጥራት ያለው አገልግሎት» የሚለውን ሰሌዳ ዛሬ አውርዱ አልላችሁም። ግን ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ዛሬ ከደንበኛ የሰማችሁትን አንድ ጥያቄ ከዱቤው ደብተር ኋላ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ መጀመሪያ የምትመልሱት እሱን ይሁን።